ባለቤቱ ራሱ ይምጣ

እናቷ ያወጣችላትን ስም ከደመወዝ መዝገቡና ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም። በሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ ባለጉዳዩም ሠራተኛውም የሚጠራት «እትዬ ይምጣ» እያለ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት መስኮት ሦስት ላይ ስትቀመጥ ከአፏ የማትለይ አንዲት ቃል ነበረቻት፤ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ!» በባሏ ስም ልትፈርም የመጣችን ሚስት፣ የአባቱን መታወቂያ በኪሱ ይዞ የመጣን ልጅ፣ «አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚልን ጸሐፊ፣ ሁሉንም በዚያችው ቃል ታሰናብታቸዋለች። ስሙ ሲወጣላት ለማሽሟጠጥ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ሰዉም ለመደው፣ እሷም «እትዬ ይምጣ የት ናቸው?» ሲባል «አቤት» ማለት ጀመረች።

ሰው ሰነድ ማረጋገጥ ሲባል ማኅተም መምታት ብቻ ይመስለዋል። «ማኅተሙንማ ጦጣም ይመታዋል» ትላለች እሷ። ሥራው ያለው ከማኅተሙ በፊት ነው። መስኮቱ ፊት የቆመው ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ነው ወይ? ፊርማው የራሱ ነው ወይ? ማንም ሳያስገድደው፣ አእምሮው ሳይናጋ፣ ፈቅዶ ነው ወይ የፈረመው? አረጋጋጩ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ «በፊቴ ቀርቦ የፈረመው ራሱ መሆኑን አረጋግጫለሁ» ብሎ ስሙን ከሥሩ ያኖራል። ከዚያ በኋላ ያንን ወረቀት ለማፍረስ የሚነሳ ሰው ጫማ ይጨርሳል እንጂ ወረቀቱን አያፈርሰውም። እትዬ ይምጣ ሰውን የምታመላልሰው ይህን ስለምታውቅ ነበር። ክፋት ነው የሚሉም አልጠፉም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ክፋትም አላጣትም።

ዋናውን ትቶ ፎቶ ኮፒ ይዞ የመጣ ይመለሳል። መታወቂያው ትናንት ጊዜው ያለፈበት ይመለሳል። ስርዝ ድልዝ ኖሮበት ከስርዙ አጠገብ ያልፈረመ ይመለሳል። ባዶ ቦታ ትቶ መስመር ያላሰመረበት፣ ከሦስቱ ቅጂ አንዱን ቤት የረሳ፣ በየገጹ ግርጌ መፈረም ሲገባው መጨረሻው ላይ ብቻ የፈረመ፣ ይመለሳል። ማኅተሙ ፊርማውን ከነካ ራሷ የመታችውን ራሷ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ አይታ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብትለው ባለጉዳዩ «ኧረ እትዬ፣ ዝንብ ናት ያረፈችበት» አላት፤ «እንግዲያው ዝንቧም ትምጣና ትፈርም» አለችው እየተባለ በቢሮው ይወራል። እሷ አላልኩም ትላለች። ብላ ቢሆን ግን ማንም አይደነቅም።

ደንቡ ደግሞ በየግዛቱ ይለያያል። በአንዱ ግዛት ሁለት ምስክር ይበቃል፣ በሌላው አራት ካልሆነ አይሆንም። አንዱ ከፊርማው ጎን የአውራ ጣት አሻራ ይፈልጋል፣ ሌላው አሻራ ካየ «ይህ ሰው መጻፍ አይችልም እንዴ?» ብሎ ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። ወንዙን ተሻግሮ ባለው ግዛት ፈራሚው ከሰባ ዓመት ካለፈ ሰነዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። ከወንዙ ወዲህ ግን የሚነበበው ማንበብ ለማይችልና ለዓይነ ስውር ብቻ ነው። እትዬ ይምጣ ይህን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ እየጻፈች አከማችታለች። ከሩቅ የመጣ ወረቀት ያስቸገራቸው ባልደረቦቿ ወደ አለቃቸው ሳይሆን ወደ ደብተሯ ነው የሚሮጡት።

ከደንቡ ሁሉ በላይ የምታጠብቀው አንድ ነገር ግን በየትኛውም ግዛት ሕግ ውስጥ አልነበረም። ማንም ፈራሚ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ወረቀቱን በእጇ ትከድንና «ይህ ወረቀት ምን ይላል? በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» ትላለች።

ይህን የጀመረችው ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ሽማግሌ አናጺ ከወንድሙ ልጅ ጋር መጣ። መታወቂያው ደህና፣ ፊርማው ደህና፣ አላስገደዱትም፤ መታችለት። በሳምንቱ ሽማግሌው ብቻውን ተመልሶ መስኮት ሦስት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ለሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ መስሎት የፈረመው የሥራ ቤቱን በስጦታ የሚያስተላልፍ ወረቀት ኖሯል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ቢሮው እስኪዘጋ እያያት ዋለና ሄደ። ቢሰድባት ኖሮ ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳትጠይቅ አላስፈረመችም።

በዚህ ጥያቄ ስንቱ ተረፈ! «የጡረታዬ ጉዳይ ነው» ሲል ወረቀቱ መሬቱን የሚሰጥ ሆኖ የተገኘ አለ። «የልጄ ትምህርት ቤት ፎርም ነው» ስትል የፍቺ ስምምነት ሆኖ የተገኘባት አለች። እትዬ ይምጣ ብዕሩን ከእጃቸው ትወስድና «እቤት ሄደው አስነብበው ይምጡ» ትላለች። ያመሰገናት ጥቂት ነው። የተረፈው ሰው መትረፉን አያውቅማ፤ የሚያውቀው ሰልፍ ቆሞ ባዶ እጁን መመለሱን ነው። እጇ አመድ አፋሽ ሆነ እንጂ።

አንድ ጊዜ ማኅተሙን በቦርሳዋ ይዛ ሆስፒታል ድረስ ሄዳለች። የታመመው ሰውዬ ከትንፋሹ በቀር የቀረው ነገር የለም። ሚስቱ ብዕር ልታስጨብጠው ስትታገል እትዬ ይምጣ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ይሰማል እኮ! ሁሉንም ይሰማል!» አለች ሚስትየው።

«እኔን አልሰሙኝም» አለች እትዬ ይምጣ።

የሴትዮዋ እርግማን እስከ ደረጃው ታች ተከተላት። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ግን መስኮቷን በሰዓቱ ከፈተች።

ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የሷ የምትለው ቤት የእናቷ ቤት ነው። ግንበኛው አባቷ ከየሠራበት ቦታ የተረፈ ድንጋይ እየለመነ ነው የገነባው፤ ስለዚህ አንዱ ግድግዳ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ፣ የጓዳው ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ማንም አያውቅም። ደረጃው ሦስተኛው ላይ ከፍ ይላል። እንግዳ ሁሉ እዚያ ጋ ይደናቀፋል፣ ቤተሰቡ ግን በጨለማም እግሩን አንስቶ ያልፋል። እናቷ ባሏ ከሞተ በኋላ ልብስ እየሰፋች ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው። አሁን ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች ቆይታለች፤ ከመስፋት ግን አልቦዘነችም።

ሁለተኛው ልጅ ማሙሽ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ፀጉሩ ሸሽቶ፣ እስካሁን ማሙሽ ነው። ያልነገደው ነገር የለም፤ ያገለገለ መኪና፣ የወለል ሰድር፣ ፍራሽ። አፉ ቅቤ ነው። ሲመጣ የእናቱን ጉልበት አቅፎ «እማዬ፣ ከስተሻል» ይላታል፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ብሩህ ሆና ትውላለች። እትዬ ይምጣ ግን በየሳምንቱ የመድኃኒቱን ከረጢት ተሸክማ ስትመጣ «አመጣሽው?» ትባላለች። አልቀናም ብትል ውሸቷን ነው።

አንድ እሑድ በእናታቸው ቤት ሻይ ሲጠጡ ማሙሽ ጠጋ አላት።

«እታለም፣ እማዬ ውክልና ብትሰጠኝ ብዬ ነበር። የውሃ ቆጣሪው በአባዬ ስም ነው፣ ግብሩም እንደዚሁ። እሷን በየቢሮው ማንከራተት ኃጢአት ነው።»

«ኃጢአት ነው» አለች እናታቸው፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ።

«የሚመለስ ወረቀት እንዳልይዝ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጻፊልኝ። ያንቺን መሥሪያ ቤት አውቀዋለሁ፣ ዝንብ እንኳ አታሳልፉም።»

ሳቀች። የዝንቧን ወሬ ወንድሟም መስማቱ ደስ ብሏት ነበር። ከቦርሳዋ ወረቀት ቀድዳ በዚያ በተስተካከለ እጅ ጽሑፏ ጻፈችለት። ሦስት ቅጂ፤ ዋናው መታወቂያ፤ በየገጹ ፊርማ፤ ስርዝ ድልዝ እንዳይኖር፤ ባዶ ቦታ ይሰመርበት። አምስተኛውን ከጻፈች በኋላ ትንሽ አሰበችና ስድስተኛ ጨመረች፤ «ለወኪሉ የተሰጠው ሥልጣን እያንዳንዱ በቃሉ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ አይሠራም»።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። እናቷ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ማሙሽ በችኮላ አስነስቷት መነጽሯን ሳትይዝ ነው የወጣችው። እትዬ ይምጣ ገና ከበሩ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሳች። አረጋጋጭ የሥጋ ዘመዱን ሰነድ አያይም። ማየት ብቻ አይደለም፤ ሰነዱ በሌላ መስኮት ሲረጋገጥ እንኳ ክፍሉ ውስጥ አይገኝም፤ ተጽዕኖ እንዳያደርግ። ይህን ደንብ ከሷ በቀር ያከበረው ሰው በቢሮው ታሪክ አልታየም። ሌሎቹ ዘመዳቸው ሲመጣ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

መስኮት አራት ያለው ሰውዬ እሷ ያሠለጠነችው ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጎኗ ተቀምጦ ጥያቄዋን ሲሰማ ኖሮ እሱም መጠየቅ ለምዷል፤ በተለይ እሷ እየሰማች ከሆነ።

«እናቴ ናት፤ ደንቡን ጠብቀህ አስተናግዳት» አለችው።

«እናትዎ እናቴ ናቸው፣ እትዬ» አለ ብድግ ብሎ።

ወረቀቱን ማሙሽ ሲዘረጋ እንዳይታያት ፊቷን አዙራ ወጣች። በክፍሉና በኮሪደሩ መካከል ትልቅ መስታወት አለ። እዚያ ቆመች። ድምፅ አይሰማም፤ የሚታየው የእናቷ ጀርባና ነጠላ ጫማዋ ነው። እናቷ አንድ ጊዜ ዞር ብላ በመስታወቱ አየቻት፤ እትዬ ይምጣ ራሷን ነቀነቀችላት፣ «አይዞሽ፣ አለሁ» ለማለት። እናቷ ተመለሰችና ፈረመች። በየገጹ፣ በሦስቱም ቅጂ።

አራት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ መድኃኒቱን ይዛ ስትሄድ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ግቢው ውስጥ ሜትር ዘርግተው ይለካሉ። አንደኛው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተደናቅፎ ይራገማል። እናቷ በር ላይ ቆማ «የውሃ ሰዎች መሰሉኝ፣ ሻይ ልስጣቸው?» አለቻት።

የውሃ ሰዎች አልነበሩም። አዲሱ ባለቤት የላካቸው ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገባችና ከማኅደር ክፍል የቢሮውን ቅጂ አወጣች። ሃያ ስምንት ዓመት ያካበተችውን ዓይን ሁሉ አፈሰሰችበት። በሕይወቷ እንደዚያ አንድ ስህተት የለመነችበት ቀን የለም። መታወቂያው ጊዜው አላለፈም። ፊርማው በየገጹ አለ። ባዶው ቦታ በማስመሪያ ተሰምሯል። ማኅተሙ ፊርማውን በአንድ ጣት ርቀት ሸሽቶ ጥርት ብሎ አርፏል፤ እሷ እንዳስተማረችው። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ፣ ከውሃ ቆጣሪውና ከግብሩ ቀጥሎ፣ «ቤቱን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ዋጋውን ለመቀበል» ይላል፤ እያንዳንዱ በቃሉ፣ በግልጽ። ከማኅደሩ ጀርባ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተያይዛለች። ማሙሽ ረስቷት ይሁን ንቆ እንጃ፤ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነበር። ስድስተኛው ከሥሩ ተሰምሮበታል።

የመስኮት አራቱን ሰውዬ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ያዘችው።

«እናቴን ጠየቅካት?»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል! ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቅካት ወይ?»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። ምንም እንዳልጠየቀ ገባት።

«እትዬ፣ እርስዎ እቤት አንብበውት የመጣ መስሎኝ…»

«እኔ ማንበብ እንደማይፈቀድልኝ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ግን የገዛ እናትዎ ናቸው። ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው? እርስዎ ያላዩት ወረቀት ከእናትዎ እጅ ይደርሳል ብዬ እንዴት ላስብ? ልጠይቃቸውም አፈርኩ። እርስዎን መጠርጠር መሰለኝ።»

እሷ እሱ ይጠይቃል ብላ ወጥታለች። እሱ እሷ አንብባዋለች ብሎ ዘሏል። ደሟ ፈላ፣ ግን በማን ላይ እንደሆነ አጣችው። «ሕጉ የሚለውን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ። አድርጓል። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

ማሙሽን የፍራሽ ሱቁ ውስጥ አገኘችው። አልካደም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበላት።

«ለጊዜው ነው፣ እታለም። ሥራው ሲስተካከል ከዚያ የተሻለ ነው የምገዛላት። ደረጃ የሌለው፣ ምድር ቤት።»

«አታለልካት!»

«ማንን አታለልኩ? መጣች፣ ፈረመች፣ መንግሥት ማኅተም መታበት። ምኑ ጎደለ? የጎደለ ካለ ንገሪኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የጎደለ አልነበረም። ለሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «ደህና ነው፣ ይለፍ» ትል ነበር። ፍራሾቹ መካከል ቆማ አለቀሰች። እንባ ሲያሸንፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሰውም እሱ ሆነ።

በማግስቱ ማመልከቻዋን አዘጋጅታ ፍርድ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ወጣት ናት፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች። ማመልከቻውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ በመስኮቱ መልሳ ገፋችው።

«ከሳሿ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ልጃቸው ነኝ።»

«ውክልና አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ» አለች ልጅቷ፣ ቀጣዩን ሰው እየጠራች።

እትዬ ይምጣ ወረቀቱን አንስታ ዞር አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ለምን እንደሳቀች አልገባቸውም፤ ሳቅም አልነበረም።

እናቷን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። «ከልጄ ጋር ችሎት ልቁም?» ትላለች እናቷ። «ከወረቀቱ ጋር ነው የምትቆሚው፣ ከማሙሽ ጋር አይደለም» ትላለች እትዬ ይምጣ። በመጨረሻ «እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ተነሳች። መንገድ ላይ እያሉ እትዬ ይምጣ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለቻት። «ዳኛው ወረቀቱ ምን እንደሚል ታውቂ ነበር ወይ ብለው ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪ። አላውቅም በይ። በዚያ ላይ ነው የቆምነው።»

የችሎቱ አዳራሽ ጠባብ ነው፣ ወንበሮቹ ይንጫጫሉ። ገዢው ጠበቃውን ይዞ መጥቷል። ጠበቃው ተነስቶ ከፊርማው እስከ ማኅተሙ ሁሉም እንደ ደንቡ መሟላቱን ተናገረ። ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጮክ ተብሎ የሚነበበው ወንዙን በተሻገረው ግዛት እንጂ እዚህ እንዳልሆነም አከለ። እትዬ ይምጣ ገጹን ሳይቀር ታውቀዋለች፤ ሰማያዊ ደብተሯ ላይ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ነው። ወደዚያ የሚያሻግረው ድልድይ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። ማሙሽ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የልጅነቱን ያህል አንሶ ነበር የሚታየው፤ ያንን ደግሞ ያውቅበታል።

ዳኛው እናቷን ወደፊት ጠሯት። ወረቀቱን አሳዩአት።

«እናቴ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያስገደደዎ ሰው አለ?»

«እኔን ማን ያስገድደኛል?»

ዳኛው ወረቀቱን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ድካም የታየባቸው፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ሕጉ የማያስገድደውን ጥያቄ ከራሳቸው አምጥተው ጠየቁ።

«ሲፈርሙ ወረቀቱ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር? ቤትዎን እንዲሸጥ ሥልጣን እንደሚሰጠው ያውቁ ነበር? ካላወቁ ይንገሩኝ፤ ያታለለዎት ሰው ካለ በሕግ ይጠየቃል።»

እትዬ ይምጣ እጆቿን አጥብቃ ያዘች። ሃያ ስምንት ዓመት የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ በመጨረሻ የሚጠይቅላት ሰው አገኘች። እናቷ መጀመሪያ ወደ ዳኛው አየች። ከዚያ ወደ አግዳሚው፣ ወደ ማሙሽ አየች። ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም።

«አውቄ ነው የፈረምኩት» አለች። «ልጄ ምን አጠፋ?»

መዝገቡ እዚያው ተዘጋ።

አሁን እናትየው በእትዬ ይምጣ ሁለት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። የስፌት መኪናዋ አልጋውን ስለሚያጣብብ ሸጡት፤ በእጇ ነው የምትሰፋው። ማሙሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፣ ጉልበቷን አቅፎ «እማዬ፣ ከስተሻል» ይላታል፣ የእሷም ፊት ይበራል። እሱ ሲመጣ እትዬ ይምጣ ዕቃ ለመግዛት ትወጣለች። ቢሮ ውስጥም ያው መስኮት ሦስት ናት። ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች። ጥያቄዋን ግን ትታዋለች። ወረቀቱን ታያለች፣ መታወቂያውን ታያለች፣ ፊርማውን ታያለች፣ ትመታለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ይምጣ ቀና ሆኑ፣ ሰልፉ ፈጠነ» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ። እናቷ የትራስ ልብስ ትጠግናለች። እትዬ ይምጣ ወራት ሙሉ ሆዷ ውስጥ የያዘችው ነገር ድንገት አመለጣት።

«እማዬ፣ ዳኛው ሲጠይቁሽ ለምን ዋሸሽ?»

«አላውቅም ብል ልጄን ሊያስሩብኝ?» አለች እናቷ። «ቤቱ እንደሆነ ሄዷል። እሱን ጨምሬ ልስጥ?»

«እሺ፣ እሱ ይሁን። መጀመሪያስ? ያን ቀን ለምን ሳታነቢ ፈረምሽ? ለምን አንብቡልኝ አላልሽም?»

እናቷ መርፌውን አቁማ በእውነት ተገርማ አየቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሷ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

«ምን ነካሽ ልጄ? አንቺ መስታወቱ ጋ ቆመሽ ነበራ። ስዞር ነቀነቅሽልኝ። ክፉ ነገር ቢሆን ዝም ብላ ታየኛለች እንዴ ብዬ ነው የፈረምኩት።»

እናቷ ክሩ ያለቀበትን መርፌ ወደሷ ዘረጋችላት፤ ዓይኗ አይሠራም። እትዬ ይምጣ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ክሩ ሦስት ጊዜ ሳተባት፣ በአራተኛው ገባ።